የማይጠየቅ ለጋሽ ነጥብ የለውም

በ2015 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት የቦረና ከብት በየሜዳው ወድቆ ሲታይ ብዙ ኢትዮጵያዊ መቀነቱን ፈታ። ድርቆሽ፣ ውኃና እህል የጫኑ መኪኖች ወደ ያቤሎና ዱብሉቅ ወረዱ፤ ከአገር ውስጥም ከባሕር ማዶም ገንዘብ ወደ ባንክ ሒሳቦች ገባ። ልግስናው የሚያኮራ ነበር፤ ግን ዘግይቷል። ከ2013 ዓ.ም. ሀገያ፣ ማለትም ከመጸው አጭር ዝናብ፣ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። አብዛኛው ሰው የሰጠው የከብቱን ሬሳ በስልኩ ካየ በኋላ ነው።

ማን ይሰጣል? መቼ? ስንት? ይህ እርዳታ አሰባሳቢውን ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ብዙ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች መልሱን ከሶፍትዌር መጠበቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። ፕሮግራሙ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠበትን ቀን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥና የስጦታውን መጠን ያገናዝባል። የተላከለትን ኢሜይል መክፈት አለመክፈቱን ይቆጥራል፤ አንዳንዱም የቤቱን ዋጋና ሌላ ሀብቱን ከውጭ ምንጭ ያጣራል። በመጨረሻ በስሙ ትይዩ አንድ ነጥብ ያስቀምጣል፤ ከመቶ ሰማንያ፣ ከመቶ አሥራ ሁለት። ሰማንያ ያገኘው ይደወልለታል። አሥራ ሁለት ያገኘው ይታለፋል።

ነጥቡን አልቃወምም። ጥቂት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለሁሉም ሰው መደወል አይችልም፤ ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት። የምሟገተው ስለ ሪፖርቱ ነው። ነጥቡ ለቦርድ ሲቀርብ ግምት መሆኑ ይረሳና እንደ ተረጋገጠ ነገር ይነበባል። አምና ሰማንያና ከዚያ በላይ የተሰጣቸው ሰዎች ስንቶቹ በእርግጥ እንደሰጡ ካልቀረበ፣ ቦርዱ የሚያየው ትንቢቱን ብቻ ነው፤ መድረሱን አያይም። አዲስ ነጥብ በተሰላ ቁጥር አሮጌው የሚደመሰስ ከሆነ ደግሞ ማመሳከሪያውም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ የከፋም አለ። አሥራ ሁለት ያገኘው ሰው ስላልተጠየቀ አይሰጥም፤ ስላልሰጠ በሚቀጥለው ዓመት ነጥቡ ወደ ስምንት ይወርዳል። ቁጥሩ ራሱን በራሱ እውነት ያደርጋል። ጭራሽ ስሙ ያልተመዘገበውማ ስምንትም የለውም።

ይህ የነገሌ ቦረናን፣ የያቤሎን፣ የሞያሌን ሰው በቀጥታ ይነካዋል። የነገሌ ከብት ነጋዴ ይሰጣል። በመስጊድ ይሰጣል፤ በቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ የጎሳው ሰው ሲታመም፣ ሲሞት፣ ሲዘረፍ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን በጥሬ ገንዘብ ወይም በከብት ስለሆነ በማንም የመረጃ ቋት ላይ ዱካ አይተውም። ሩቅ ያለ ቢሮ መዝገቡን ከፍቶ ቆላውን ሲያይ ተቀባይ ብቻ ይታየዋል፤ ሰጪ አይታየውም። ይህ ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መስጠትን በሕግ ካደራጁ የአገራችን ሕዝቦች መካከል ቦረና ግንባር ቀደም ነው።

ቡሳ ጎኖፋ የገዳ ሥርዓት አካል ነው። ድርቅ፣ በሽታ ወይም ዘረፋ ከብቱን የጨረሰበት ሰው ጉዳዩን ለጎሳው ያቀርባል። ጉባኤው ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚመረመረው ጉዳቱ ነው፦ ከብቱ እንዴት አለቀ? በሰውየው ስንፍና ነው ወይስ ከአቅሙ በላይ በሆነ መከራ? ከዚያ በኋላ ነው ማን ምን ይስጥ የሚባለው። የማን ከብት ስንት እንደሆነ በውኃ ጉድጓዱ ዙሪያ የሚታወቅ ነገር ነው፤ የውኃ ተራ አስከባሪው አባ ሄረጋ በየተራው የሚጠጣውን መንጋ ያውቀዋል። ግምት እዚህም አለ። ልዩነቱ ግምቱ በተገማቹ ፊት የሚነገር መሆኑ ነው። ከብቱ እንደሳሳ፣ የወንድሙን ልጆች ጭምር እንደሚያሳድግ፣ አምና እንደሰጠ ሊናገር ይችላል፤ ሽማግሌዎቹም ይሰሙታል። በሶፍትዌሩ ግን የሚመዘነው ሰው መመዘኑንም አያውቅም። የቦረናው ሥርዓት ከችግረኛው ጀምሮ ወደ ሰጪው ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ ከሰጪው ጀምሮ እዚያው ሰጪው ላይ ያበቃል።

ቁጥርን ከመሬት ጋር ማመሳከር የማይቻል አይደለም፤ እዚያው ቦረና ውስጥ ምሳሌ አለ። በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) እና ኦሮሚያ ኢንሹራንስ በሳተላይት መረጃ ላይ የተመሠረተ የእንስሳት መድን ለቦረና አርብቶ አደሮች አቅርበዋል። ሳተላይቱ የግጦሹን ልምላሜ ያነባል፤ ልምላሜው ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ ካሳ ይከፈላል። የአንዱን ቤት ላም ማንም ሄዶ አይቆጥርም። ይኸው መድን ቀድሞ በተጀመረበት በሰሜን ኬንያዋ ማርሳቢት ግን ተመራማሪዎች ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለው፣ ሳተላይቱ ያለውንና በረቱ ውስጥ የሞተውን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከቤተሰቡ የኪሳራ ስጋት የሚበዛው እጅ በመድኑ እንደማይሸፈን አገኙ፤ አልደበቁትም፣ አሳተሙት። ከለጋሽ ነጥብ የምጠይቀው ይህንኑ ሐቀኝነት ነው።

እኛም በግምት ተጎድተናል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ጥሪ ሲቀርብ ስሌቱ ቀላል ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ቢያዋጣ በዓመት 365 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ገንዘቡን እንዲሰበስብ የተቋቋመው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ በመጀመሪያው ዓመት የሰበሰበው ግን ጥቂት ሚሊዮን ነው። ሰዉ ዶላሩን አጥቶ አይደለም። አቅም ሌላ፣ ለመስጠት መነሳት ሌላ ነው፤ መተማመንን፣ ማን እንደጠየቀና በማን በኩል እንደጠየቀ ያ ስሌት አልያዘም።

ነጥብ ወደ አገራችን እየመጣ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. የጀመረው ብድር የተበዳሪውን የአጠቃቀም ታሪክ መዝኖ የሚሰጥ ነው። ለብድር የሆነው ለልመና የማይሆንበት ምክንያት የለም። የውጭው ዓለም ጥፋት ቢያስተምረን መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የብሪታንያ የመረጃ ተቆጣጣሪ ሁለት ስመ ጥር የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን፣ በሚያዝያ 2017 ደግሞ ሌሎች 11 ድርጅቶችን ቀጥቷል፤ ከጥፋቶቹ አንዱ የለጋሾችን ሀብት ሳያሳውቋቸው ማስመርመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የለጋሾች መረጃ ሶፍትዌር የሚያቀርበው ብላክባውድ በመረጃ ጠላፊዎች ተዘርፎ በሺህ የሚቆጠሩ ደንበኛ ድርጅቶች መዝገብ ተጋልጧል። እኛ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማስታረም መብት አለው። በስሙ ትይዩ የተጻፈው ነጥብም ስለ እርሱ የተያዘ መረጃ ነው።

ስለዚህ በነገሌም ሆነ በአዲስ አበባ ነጥብ የሚጠቀም ድርጅት ለቦርዱ የሚያቀርበው ሪፖርት ነጥቡ የተሰላበትን ቀን ይያዝ፤ አሮጌውም አይደምሰስ። በየነጥቡ እርከን ስንት ሰው እንደተጠየቀ፣ ስንቱ እንደሰጠ፣ ስንት እንደተሰበሰበ ይቀመጥ። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ሕዝብ በመዝገቡ ውስጥ ጭራሽ እንደሌለ በግልጽ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት ጥቂቶቹ በዕጣ ተመርጠው ይጠየቁ፤ ዝቅተኛው ነጥብ መሳሳቱን የሚያሳይ ሌላ መንገድ የለም።

ቦርዶች ወጪ ነው ይሉ ይሆናል። ወጪ ነው። ነገር ግን በዕጣ ለተመረጡ ሃምሳ ሰዎች መደወል የአንድ ሠራተኛ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ የነገሌ የከብት ገበያ ነጋዴዎችን ሰብስቦ ማነጋገርም እንዲሁ። ባለመደወል የሚቀረውን ገንዘብ ያሰላ ሪፖርት ግን እስካሁን አላየሁም።