ሳይቃጠል በቅጠል፦ ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ

ዶራቪል ከ1947 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ መኪና ሲገጣጥምባት የኖረች ከተማ ነች። ዛሬ በዚያ ግቢ የፊልም ስቱዲዮ ቆሟል። መኪና መሥራት ቢቀርም በመኪና ሠርቶ ማደር ግን አልቀረም። በቢፎርድ ሃይዌይና በአካባቢው ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት እየነዳ፣ ዕቃ እያደረሰ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያሳድግና አገር ቤት ላለ ወላጅ የሚልክ ኢትዮጵያዊ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የመኪና ሞተር ማለት ለገበሬ በሬ እንደ ማለት ነው። በሬው ከወደቀ እርሻው ይቆማል።

የሚያሳዝነው ግን ይህ በሬ አንዳንድ ጊዜ የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን በሁለት ደቂቃ ችኮላ መሆኑ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ማንቆርቆሪያ የመሰለ ቀይ መብራት ይበራል። ሾፌሩም «ይህን ሰው ኤርፖርት ላድርስና አየዋለሁ» ይላል። ኤርፖርት ሳይደርስ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጎታች መኪናና የብዙ ሺህ ዶላር ሂሳብ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሜካኒክ መሆን አያስፈልግም። የሞተር ዘይት ከሥር በኮፓው ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲነሣ በራሱ በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ዘይቱን ከሥር ይመጥጥና በፊልትሮ አጣርቶ በቀጫጭን ቦዮች ውስጥ እየገፋ የአገር ቤት ሜካኒክ ኮሎ ወደሚለው ወደ ክራንክ ሻፍት፣ ከዚያም ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ይልከዋል። ኮሎው የሚሽከረከረው በብሮንዚኖች ውስጥ ነው፤ ይሁንና በደህና ሞተር ውስጥ፣ በጉዞ ላይ ሳለ፣ ብረትና ብረት አይነካኩም። በመካከላቸው ከጸጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ። ማሰሻ ባልነካው ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሁሉ፣ ይህ ሽፋን ሲጠፋ የሚደርሰውን መገመት አያቅተውም።

ግፊቱ የሚፈጠረው ፓምፑ የሚገፋው ዘይት በጠባብ መተላለፊያ ለማለፍ ሲታገል ነው። ነገሩ የሰፈር ቧንቧን ይመስላል። በመስመሩ ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ ቧንቧቸውን በአንድ ጊዜ ከከፈቱ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ውኃ ያጣል። ብሮንዚኖቹም ተበልተው ክፍተታቸው ሲሰፋ ዘይቱ እዚያው ይፈስና ሩቅ ያለው ክፍል ይደርቃል። ስለዚህ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። ዘይቱ በጣም ሲጎድል ደግሞ ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር ይመጥጣል።

እንግዲህ ትልቁ ስሕተት ቀዩን መብራት «ዘይት ጎድሏልና ሲመች ጨምር» የሚል ማስታወሻ አድርጎ መቁጠር ነው። መብራቱ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው፤ የሚናገረውም ዘግይቶ ነው። የብዙ መኪና ጎማ ከ30 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ አየር ይይዛል። ሞተር በሃይዌይ ፍጥነት ሲሮጥ የዘይቱ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። በብዙ መኪናዎች መብራቱ የሚበራው ግን ግፊቱ ወደ 5 ገደማ ከወረደ በኋላ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ የሚዞር ከሆነ «እስከሚቀጥለው መውጫ» በሚባለው ሁለት ደቂቃ ውስጥ 6 ሺህ ጊዜ ብረት ከብረት ጋር ሊፋጭ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሾፌሩ አይደለም። ሀዩንዳይ በ2015 ወደ 470 ሺህ የሚጠጉ የ2011 እና የ2012 ሶናታዎችን የጠራው፣ አላባማ በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ቦይ ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ ዘይቱ ወደ ብሮንዚኖቹ እንዳይደርስ ሊያግድ ስለሚችል ነበር። ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩ ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎችም መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥቡ ዘይት በመጨረስ ይታወቃሉ። ነገር ግን ይህ የሚያሳየው «መኪናዬ ጃፓን ነች፣ አታስቸግርም» ብሎ መተኛት እንደማያዋጣ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጦ፣ በ285 ላይ እንዴት ይቆማል?» ይላል። አነጋገሩ እውነት አለው። በተለይ 285 እና 85 በሚገናኙበት በስፓጌቲ ጃንክሽን ላይ በዘፈቀደ መቆም ነፍስን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ነፍስ ከሞተር ትበልጣለች። ሞተር ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም ስለሚከብድ፣ አስቀድሞ ምልክት አሳይቶ ከመኪናው ጎርፍ መውጣት፣ ሰፊ ዳር ይዞ መቆም፣ ከዚያ ወዲያውኑ ሞተሩን ማጥፋት ነው። 511 ቢደወል ሂሮ የተባሉት የጆርጂያ መንገዶች መሥሪያ ቤት ረዳቶች ያለ ክፍያ ይደርሳሉ። ቅር የተሰኘ ተሳፋሪ ኮከብ ቢቀንስ በሌላ ቀን ይተካል፤ የተቃጠለ ሞተር ግን በኮከብ አይተካም።

ከሁሉ የሚሻለው እዚያ አለመድረስ ነው። በሳምንት አንድ ቀን መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ማየት ከሦስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አንድ ኳርት ዘይት ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም። የሚጨመረውም መኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን። መብራቱን ዝም ለማሰኘት ወፍራም ዘይት መጨመር በሽታውን መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም። አሮጌ መኪና ሊሸጥ የፈለገ ሰውም ይህን ዘዴ ሊጠቀም ስለሚችል ገዢ ይጠንቀቅ። በሌላ በኩል ራሱ የመብራቱ ሴንሰር ሊበላሽ ይችላልና «ሞተሩ ሞቷል» የሚል ጋራዥ አስቀድሞ ግፊቱን በመለኪያ ለክቶ ቁጥሩን እንዲያሳይ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው።

መኪናውን ለሌላ ሰው የሚያከራይ ባለንብረትም ዘይቱን ማን እንደሚያይ በመጀመሪያው ቀን ይነጋገር፤ ኋላ ወንድማማች በሞተር ምክንያት ሽማግሌ ፊት እንዳይቆም። ማኅበራትና ዕድሮችም ከስብሰባ በኋላ በፓርኪንጉ ግማሽ ሰዓት ወስደው፣ አዲስ ለመጣ ወገን ኮፈኑን ከፍተው ይህን ቢያሳዩት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ለተቃጠለ ሞተር ገንዘብ ከማዋጣት ሞተሩ እንዳይቃጠል ማስተማር ይቀላል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።