ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብኩት ስለ ስጦታ ነው። በሹመይሲና በአካባቢው በየሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ኮንትራታችሁ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ትልቁ ጭንቀታችሁ ሻንጣው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለእናት ብርድ ልብስ፣ ለአክስት ሽቶ፣ ለወንድም ሞባይል፣ ለጎረቤት ልጆች ጫማ እየተባለ የስንት ወር ደመወዝ ባትሐ ገበያ ይቀራል። የተረፈው ደግሞ ለካርጎ ይከፈላል። ሽቶው በሦስት ወር ያልቃል፣ ሞባይሉ ይሰበራል፤ እህታችንም ባዶ እጇን ቀርታ ሌላ ኮንትራት መፈለግ ትጀምራለች።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከዚያ ሁሉ ዕቃ ግማሹን ትተን የሎሚ ዛፍ ብንሰጥስ?

«ዐረብ አገር ኖራ ሎሚ ሰጠችን» ብሎ የሚስቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን በአገራችን ሎሚ የንቀት ስጦታ ሆኖ አያውቅም። በጥምቀት በዓል ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ልቡን የሚገልጥላት ሎሚ ወርውሮ ነበር፤ እርሷም ሎሚውን ከተቀበለች ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። በወርቅ ያልተደረገው በሎሚ ይደረግ ነበር። እዚህም ቢሆን ሎሚ እንግዳችን አይደለም። ከብሳ ስትሠሩ ድስቱ ውስጥ የምትጨምሩት ያ ጥቁር ደረቅ ፍሬ በፀሐይ የደረቀ ሎሚ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስሙም «ሉሚ» ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። የቤት ሠራተኛ ኮንትራት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ከዘር የበቀለ ሎሚ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ እዚህ የዘራችሁትን ሎሚ ፍሬ ሳታዩ ልትሄዱ ትችላላችሁ። «ታዲያ ምን አደከመኝ?» የምትል ትኖር ይሆናል። እኔ ግን ስጦታ የሚያሰኘው ይኸው ነው እላለሁ። በሰው ቤት ስትኖሩ የእኔ የምትሉት ነገር ጥቂት ነው፤ ያሳደጋችሁት ልጅ እንኳ የሌላ ነው። ተክሎ መስጠት ግን ደመወዝ ለዘገየባትም አይከለከልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለሰላጣ የጨመቃችሁትን ሎሚ ፍሬ አትጣሉ። የሎሚ ዘር ከደረቀ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣ በዚያው ቀን አጥባችሁ፣ ከሥሩ በተበሳ ጣሳ ውስጥ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር፣ የጣት ጥፍር በሚያህል ጥልቀት ዝሩት። በሁለትና በአራት ሳምንት መካከል ብቅ ይላል። ከአንድ ዘር ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ ቢወጣ አትደንግጡ፤ የሎሚ ጠባይ ነው። አንዱን አስቀርታችሁ ሌላውን መስጠት ትችላላችሁ። የሪያድ በጋ ከ45 ዲግሪ ስለሚያልፍ የከሰዓቱ ፀሐይ እንዳያገኘው ከልሉት። አፈሩን በጣታችሁ ነክታችሁ ከላይ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ፤ ጨው ያልገባበት የሩዝ እጣቢም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጣሳውን ጣሪያ ላይም ሆነ በረንዳ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ማዳምን አስፈቅዱ። ነገሩ ዛሬ እንግዳ አይሆንባትም። በከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው «አረንጓዴ ሪያድ» ዕቅድ 7.5 ሚሊዮን ዛፍ ለመትከል የታሰበበት ነው። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአገራችንም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ከተከላው በኋላ የሚያጠጣ ከሌለ ግን ቁጥሩ ብቻውን ጥላ አይሆንም። የእናንተ አንዲት ጣሳ በየቀኑ የምታያት ሰው አላት።

ችግኟን ለማን እንስጥ? ገና ለመጣችውና በሌሊት ለምታለቅሰው እህት፣ ስታሳድጉት ለኖራችሁት ልጅ፣ ከእናንተ በኋላ በዚያው ቤት ለምትተካው ሠራተኛ። ለአገር ቤት ግን ችግኝ በሻንጣ አትውሰዱ። የሎሚ ዘመዶችን የሚጨርስ በሽታ በችግኝ ከአገር ወደ አገር ይሻገራል፤ ያለ ፈቃድም በአውሮፕላን ማረፊያ ይወሰድባችኋል። ይልቅስ ለእናታችሁ ገንዘቡን ልካችሁ፣ በወረዳው ካለ ችግኝ ጣቢያ የተዳቀለ ችግኝ ይገዛላችሁ፤ የተዳቀለው ከዘሩ ፈጥኖ ያፈራል። ቆላና ወይና ደጋ ከሆነ ሎሚ ይስማማዋል። ውርጭ የሚወርድበት ደጋ ከሆነ ግን በጋሞ ጨንቻ እንደሚያደርጉት አፕል ይሻላል። ከፍየል የሚጠብቀው አጥርና በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች የሚያጠጣው ሰው እንዳለም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያለዚያ የሰጣችሁት እንጨት ብቻ ነው።

ይህን ስል የታመመች እናት መድኃኒት፣ የታናሽ የትምህርት ወጪ ይቅር ማለቴ አይደለም። እነዚያ ይቅደሙ። ይቅር የምለው ለይሉኝታ የሚገዛውን፣ ሰጪዋን ራቁቷን አስቀርቶ ተቀባዩን የማያጠግበውን ነው። ዘመድ በሻንጣዋ ክብደት የሚለካት እህት ሁለት ዓመት የደከመችው ለሰው ዓይን ብቻ ሆኖ ይቀራል። የቤተሰቡ ጓሮ ውስጥ የቆመ ሎሚ ግን ለሻይ፣ ለጉንፋን፣ ለጎረቤት እየተቀጠፈ በየዓመቱ ስሟን ያስጠራል። ተርፎም ገበያ ይወጣል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። እስካሁን ሃምሳውንም ብቻችሁን ተሸክማችሁ ኖራችኋል። በዚህ ሳምንት የሎሚ ፍሬ ስትጨምቁ ዘሩን ከመጣላችሁ በፊት ይህን አስቡበት። ቸር ሰንብቱ።