የጡት ካንሰር ሕክምና በግምት አይመራ!

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ ሮዝ ሪባን ይታሰራል፣ የእግር ጉዞ ይደረጋል፣ ሴቶች ጡታቸውን እንዲፈትሹ ይመከራል። መልካም ነው፤ ሊጠናከርም ይገባል። ነገር ግን ምክሩን ሰምታ፣ እብጠቱን አግኝታ፣ ፍርሃቷን አሸንፋ ሐኪም ፊት የቀረበች ሴት ከዚያ በኋላ ምን ይጠብቃታል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሕመሟን ሳትደብቅ የመጣች ሴት መድኃኒት ካጣች ግን ተጠያቂው የሕክምና ሥርዓቱ ነው።

ሥርዓቱ ሊመልሰው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ግልጽ ነው፦ የታማሚዋ ዕጢ በሆርሞን የሚያድግ ነው ወይስ አይደለም? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ሕክምና ግምት ነው። ግምት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል።

ሆርሞንና የጡት ካንሰር ያላቸው ቁርኝት ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን እንቁላል የሚያመርተው ኦቫሪ ሲወጣ የጡት ካንሰር ሊሟሽሽ እንደሚችል ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1896 ነበር። ከ60 ዓመታት ገደማ በኋላ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኤልዉድ ጄንሰን ምክንያቱን ደረሱበት። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሴሉ ውስጥ ካለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ሴሉ እንዲባዛ ትእዛዝ ይሰጣል። ተቀባዩ በብዛት ያለበት ዕጢ ታማሚዋ በራሷ አካል በምታመነጨው ሆርሞን ያድጋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ታሞክሲፌን ይህንኑ ቦታ ቀድሞ ይይዝና ኢስትሮጅኑን ያግደዋል።

ውጤቱም በሚገባ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 የበርካታ አገሮች ጥናቶች በአንድ ላይ ሲተነተኑ፣ ተቀባዩ ያለባቸው ታማሚዎች ታሞክሲፌንን ለ5 ዓመት ሲወስዱ በሽታው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የመመለስ ዕድሉ በግማሽ ያህል ቀንሷል። በ15 ዓመታት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት አደጋም በሲሶ ያህል ወርዷል። ተቀባዩ ለሌለባቸው ግን ክኒኑ አይጠቅምም። ምርመራው የማይታለፈውም ለዚህ ነው።

የአፍሪካውያን ሴቶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ለሆርሞን ሕክምና የማይመች ነው የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ 352 ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን ከመቶው 65 ያህሉ የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳለባቸው አሳይቷል። ታማሚዎቻችን ደግሞ በአብዛኛው ገና የወር አበባ የሚያዩ ወጣቶችና ጎልማሶች ናቸው፤ ታሞክሲፌን ለእነሱም ይሠራል። የጨረር ሕክምና ለዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ሲሰጥ በኖረበት አገር፣ ማሽንም አልጋም የማይፈልግ፣ በቀን አንዴ እቤት የሚዋጥ ክኒን ትልቅ ዕድል ነው።

ዕድሉ የሚያመልጠን ብዙ ጊዜ ገና ከናሙናው ነው። ከጡት የተወሰደችው ቁራጭ በአንድ ሰዓት ውስጥ በቂ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለባት። ከዘገየች ወይም ፎርማሊኑ ካነሰ ተቀባዮቹ ይበላሻሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቡናማ ቀለም መያዝ የነበረበት የሴሉ አስኳል ሳይቀለም ይቀራል፤ ወረቀቱ ላይ «ተቀባይ የለም» ተብሎ ይጻፋል። ታማሚዋም የሚያድናትን ክኒን ሳታገኝ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚሻውን ናሙና በፌስታል አንጠልጥሎ የግል ላቦራቶሪ ዋጋ እየጠየቀ የሚዞረው ብዙውን ጊዜ የታማሚዋ ወንድም ወይም ልጅ ነው። ይህ ሸክም ከቤተሰብ ጫንቃ ሊወርድ ይገባል።

በጀት ጠባብ፣ የፓቶሎጂ ባለሙያም ጥቂት መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱ የሆርሞን ምርመራ ላቦራቶሪ እንዲኖረው ማንም አልጠየቀም። በአግባቡ በፓራፊን የተዘጋጀ ናሙና ሳይበላሽ ሩቅ ይጓዛል። ፖስታ ቤታችን የቲቢና የኤችአይቪ ናሙናዎችን ከጤና ተቋማት ወደ ላቦራቶሪ ሲያመላልስ ቆይቷል፤ ይህንንም አያቅተውም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ፣ የቀረ ታካሚ ሲፈለግ፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ክኒን ገጠር ድረስ ሲደርስ አይተናል። የ5 ዓመት ክኒን ከአቅማችን በላይ ነው ብሎ የሚያሳምነን የለም።

ክኒኑን መጀመር ብቻውን በቂ አይደለም። ሙቀት ሽው ሲልባት፣ የወር አበባዋ ሲዛባ ወይም ደህና ነኝ ብላ ስታስብ የምታቋርጥ ብዙ ናት። በገጠር ሆስፒታሎች የተሞከረው፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ታማሚዎችን የሚከታተሉበት አሠራር ክኒኑን ሳያቋርጡ የሚወስዱትን ቁጥር ማሳደጉ ታይቷል። የቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያዎችም የጡት ካንሰር ላለባት ሴት የሆርሞን መርፌና ክኒን እንደማይሰጥ፣ ታሞክሲፌን እየወሰደች ማርገዝም ፅንሱን እንደሚጎዳ አውቀው ሆርሞን የሌለበትን ሉፕ ሊያማክሯት ይገባል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። ጤና ሚኒስቴር የሆርሞን ተቀባይ ምርመራን ለእያንዳንዷ የጡት ካንሰር ታማሚ ግዴታ ያድርገው፤ ወጪውም በጤና መድኅን በግልጽ ይሸፈን። ሆስፒታሎች ናሙናውን ራሳቸው ይላኩ፣ ውጤቱንም ራሳቸው ይከታተሉ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ታሞክሲፌን ከወረዳ ሆስፒታል መደርደሪያ አንድም ወር እንዳይጠፋ ያድርግ። ታማሚዋም የዕጢዋን ውጤት የመጠየቅና በምትረዳው ቋንቋ የማወቅ መብቷ ይከበር። ሕክምናው አለ፣ ማስረጃው አለ፣ መንገዱም ይታወቃል። ከዚህ በኋላ የዕጢዋ ዓይነት ሳይታወቅ የምትሞት እናት ብትኖር፣ ምክንያቱ ካንሰሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም!