ቀባሪ አለን፤ ጧሪስ?

«የአረጋውያን ማዕከል የፈረንጅ ነገር ነው፤ በእኛ ባህል ሽማግሌ አይጣልም።» ሚዛንም ሆነ ቴፒ፣ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ይህን ያልሰማ የለም። ደስ የሚል አባባል ነው። ሌሊቱን ተነስቶ የሚጦረው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

እኔ ልናገር፦ ሴት ናት። ያላገባች ልጅ፣ ምራት፣ ወይም ትምህርቷን ያቋረጠች የልጅ ልጅ። የእኔን አያት የጦረችው አክስቴ ናት። አያቴ በመጨረሻ ዓመታቷ ሌሊት ተነስታ «ቡናው ሳይለቀም ዝናብ ሊመታው ነው» እያለች ትወጣ ነበር። ማሳው ከተሸጠ ቆይቷል። አክስቴ ለዓመታት በር በሩን ስታይ አደረች። ዘመድ በበዓል ይመጣል፣ «እግዜር ይስጥሽ» ይላታል፣ ይሄዳል። ባህላችን የምንለው ነገር በአንዲት ሴት እንቅልፍ ነው የቆመው።

ደግሞ ስሙን አንጠራውም። «ጃጅታለች» ብለን እናልፋለን። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 (እ.ኤ.አ.) የገለጸው ነገር እርጅና ብቻ አይደለም፤ የአንጎል በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እ.ኤ.አ.) 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ የማን የፈረንጅ ነገር ነው?

«ቤተሰብ አለ» የሚለው መልስ ደግሞ እዚህ አገር ላይ ጭራሽ አይሠራም። የእኛ የቡና ምድር ከሩቅ በመጣ ሰው ጉልበት የቀና ነው። በበቃና ቴፒ እርሻዎች ላይ ቡና የለቀሙት ብዙዎቹ ከከምባታና ከወላይታ የመጡ ናቸው። በ1977 ረሃብ ከወሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሰፈሩም አሉ። ብቻውን መጥቶ ብቻውን ያረጀ ሰው ማንን ይጥራ? የጡረታ አበል ለማግኘት በሕግ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ከለቀማ ለቀማ የሚቀጠር ሰው ያንን በወረቀት ከየት ያመጣል?

«መቄዶንያ አለ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ፤ ቢኒያም በለጠ የጀመረው ሥራ ብዙዎችን ከጎዳና አንስቷል፤ ክብር ይገባዋል። ግን አንድ ድርጅት የአገሩን ሽማግሌ ሁሉ ይሸከም ማለት ኃላፊነትን ማሸሽ ነው። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመርሳት በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቅርቡን አስቀድሞ ይወስዳል፣ የልጅነቱን ያቆያል። ቤንችኛ ወይም ካፍኛ ብቻ የቀረላትን እናት አዲስ አበባ ላይ ማን ያናግራታል? የቡና ቅጠሉን በዝንጅብልና በሚጥሚጣ አፍልቶ ማን ይሰጣታል?

የምጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። አሥር ሰው የሚይዝ፣ አጥር ያለው፣ ግቢው ውስጥ ጥላና ጓሮ ያለበት ቤት ነው። ቋንቋቸውን የሚችሉ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ተንከባካቢዎች ይኑሩት። ቀን ቀን ብቻ የሚውሉትንም ይቀበል፣ አክስቴን መሰሎቹ እንዲተኙ። ቡናው በሰዓቱ ይቆላ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቀኑ ለጠፋበት ሰው እንዲህ ያለ የለመደው ሥርዓት ከሰዓት በላይ ይነግረዋል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎችም እዚያ ይማሩ። እንዲህ ያለ ቤት መጣያ እንዳይሆን የሚፈሩ ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ትንሽ ይሁን፣ ሰፈር ውስጥ ይሁን፣ ቤተሰብ እንደፈለገ ይግባ ይውጣ የምለው።

«ብሩስ?» እድር ውስጥ አለ። ለድንኳን፣ ለወንበር፣ ለለቀስተኛ ንፍሮ በየወሩ እናዋጣለን። «እድር ለቀብር ብቻ ነው» እንዳትሉኝ፤ በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን የደገፉ እድሮች ነበሩ። ያኔ የተቻለ ዛሬ ምን ይከለክለዋል? መንግሥትም መሬቱን ይስጥ፣ ቁጥጥሩን ይሥራ።

አማርኛችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ ሲመርቅ ጧሪን ነው ያስቀደመው። እኛ ገልብጠነዋል። አክስቴ ለቀብሩ ቀን ሦስት መቶ ሰው መጣላት። እሷ የፈለገችው አንድ ሰው ነበር፣ በሳምንት አንድ ሌሊት የሚተካት።