ምስክሮቹ ያልተስማሙበት ተራራ

ከአዲስ አበባው መሪ ሰፈር ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው የየካና የእንጦጦን ሰንሰለት፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞር ሲል የየረርን ተራራ ያያል። ባራራ የተባለችው የመካከለኛው ዘመን የነገሥታት መናገሻ የምትፈለገው በዚሁ አካባቢ ነው። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 አካባቢ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ አስፍሯታል፤ እሱ ኢትዮጵያን ባይረግጥም መረጃውን ያቀበሉት ኢትዮጵያውያን ካህናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብራይተርኒትስ የጽሑፍ ምንጮችን መሬት ላይ ካለው ፍርስራሽ ጋር አገናዝበው፣ ፍለጋውን በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል አደረጉት። ክርክሩ ግን ዛሬም አልተቋጨም።

እንዲህ ታሪክን ከሌሎች የዕውቀት ዘርፎች ጋር አቀናጅቶ ማጥናት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን መደመር ነው፤ ዜና መዋዕሉ ላይ ቁፋሮ፣ ቁፋሮው ላይ የሳተላይት ምስል። በእኔ እምነት የዘዴው ዋና ጥቅም ያለው ምስክሮቹ፣ ማለትም የማስረጃ ምንጮቹ፣ በሚጋጩበት ቦታ ነው፤ ማስተማር ያለብንም ግጭቱን ነው።

የደኑን ታሪክ እንውሰድ። አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ከወረዱና አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ የማገዶ እጥረት ከተማዋን ስላስጨነቃት መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገር አንድ አኃዝ አለ፤ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የአገሪቱ መሬት ደን ነበር ይባላል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን የአኃዙን ምንጭ ሲመረምር የረባ መሠረት አላገኘለትም። በወሎ ከሚገኝ ሐይቅ ደለል የወጣው የአበባ ብናኝ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል፦ ደኑ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ተመንጥሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ የጥድ ደኑ መልሶ አገገመ፤ ከዚያ እንደገና መነመነ። ደን ዝም ብሎ ሲያልቅ የኖረ ሀብት አልነበረም ማለት ነው።

ብናኙም ቢሆን ሁሉን አይነግረንም። መናገሻው ይዛወር ያለው ማን እንደሆነ ከዜና መዋዕልና ከደብዳቤ እንጂ ከደለል አይገኝም። ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች ኑሮ ደግሞ ደለሉም ዜና መዋዕሉም ውስጥ የለም። እሱን የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው፤ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የካ ላይ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም እንዲሁ ነው። ትውፊቱ ለአክሱም ነገሥታቱ ለአብርሃና አጽብሃ ይሰጠዋል፤ የሕንፃውን አሠራር ያጠኑ ባለሙያዎች ግን ብዙ መቶ ዓመታት ወደዚህ ያመጡታል። ትውፊቱን «ተረት» ብሎ መጣል ቀላል ነው። የሚበጀው ግን ምእመናኑ ደብራቸውን ከአክሱም ጋር ያዛመዱት ለምን ይሆን ብሎ መጠየቅ ነው። ዕድሜውን ዐለቱ፣ ትርጉሙን ሰዉ ይናገራል።

አንድን ማስረጃ ነጥሎ መያዝ ምን እንደሚያስከትል በባራራ አይተናል። ጥናቱ ከምሁራን እጅ ወጥቶ «አዲስ አበባ የማን ናት?» የሚለው ሙግት ውስጥ ሲገባ፣ «ሳይሆን አይቀርም» የተባለው ሁሉ «ነው» ሆነ፤ ተቃዋሚውም ጥናቱን ሳያይ ከነጭራሹ ካደው። ሁለቱም ወገን የፈለገው አንድ ምስክር ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ከክፍል ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች የጋራ ትምህርት ሆኖ ሲመለስ፣ የጦፈው ክርክር ምን ይካተት፣ ምን ይውጣ የሚል ነበር። ተማሪው ማስረጃን እንዴት ይመዝናል የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ቀረ። የየካ አካባቢ የትምህርት ቤት ተማሪ ግን ቤተ ሙከራ እስኪሠራለት መጠበቅ የለበትም። የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የባዮሎጂ መምህራኑ አንድ ቀን ተስማምተው ተራራውን ያውጡት፤ ካርታውን፣ ዛፉንና የአካባቢውን አዛውንት ቃል ያቅርቡለት፤ እያንዳንዱ ምን ሊመሰክር እንደሚችልና የት ላይ እንደሚያበቃ ይጻፍ። ፈተናውም ለዓመተ ምሕረት ብቻ ሳይሆን ለሚዛኑ ነጥብ ይስጥ፤ ፈተናው እስካልተለወጠ ድረስ የትኛውም አዲስ ዘዴ ከመቅድም አያልፍም።