ቀለም የሚለውጠው መዳብ ሐሰተኛ መድኃኒትን ያጋልጥ ይሆን?

ከመዳብ፣ ከአዮዲንና ፒሪዲን ከተባለ ፈሳሽ የሚሠራ አንድ ዱቄት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ይኸው ዱቄት በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ሙቀቱ ሲመለስ ቢጫነቱም ይመለሳል።

ምሥጢሩ ያለው አራት የመዳብና አራት የአዮዲን አተሞች ተያይዘው በሚሠሩት ኩብ መሰል ቅርጽ ውስጥ ነው። ቅርጹ የተቀበለውን ኃይል በብርሃን መልክ የሚያወጣባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። በክፍል ሙቀት ኃይሉ ቢጫ ወደሚሰጠው መንገድ ይሻገራል፤ ቅዝቃዜ ግን መሻገሪያውን ይዘጋዋል።

ግፊትም ተመሳሳይ ውጤት አለው። እአአ በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የዚህ ቤተሰብ የሆነ አንድ ውሁድ ሲፈጭ ብርሃኑ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ እንደሚለወጥ አሳይተዋል።

ይህ ለምሥራቅ አፍሪካ ለምን ያስፈልጋል? የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2017 ባወጣው ግምት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገራት ከሚሰራጩ 10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ሲታሽ ወይም ሲሞቅ የብርሃኑን ቀለም የሚቀይር የማሸጊያ ቀለም ለአጭበርባሪ በቀላሉ የሚቀዳ አይደለም።

ሆኖም ለውጡ ሁሉ ለሁሉም ሥራ አይበጅም። በክትባት ጠርሙስ ላይ ያለችውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሚገባ የሚያውቋት ምልክት፣ መዳብ የሌለባት ብትሆንም፣ የምትታመነው አንዴ በሙቀት ከጠቆረች ስለማትመለስ ነው። መብራትም አትፈልግም። ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም የሚመላለሰው የመዳብ ዱቄት ግን ክትባቱ ትናንት በፀሐይ መዋሉን አያስታውስም። ስለዚህ ተስፋው ከሙቀት መዝጋቢነት ይልቅ በማሸጊያ መለያነቱ ላይ ቢጣል ይሻላል።

የስልክ ስክሪን አምራቾችም መዳብን የሚመለከቱበት ምክንያት አለ። ለብርሃን ሰጪ ውሁዶች የሚያገለግለው ኢሪዲየም በዓመት ከ10 ቶን በታች የሚመረት ሲሆን አብዛኛው የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። መዳብ በአንጻሩ በዓመት ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል፤ ዲሞክራቲክ ኮንጎ ከቺሊ ቀጥላ ሁለተኛ አምራች ሆናለች፤ ዛምቢያም እአአ በ2031 ምርቷን 3 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ አቅዳለች።

ከዚህ ተነሥቶ የማዕድን አውጪዎቹ ገቢ ያድጋል ማለት ግን ስሕተት ነው። ለአንድ ማሸጊያ የሚበቃው መዳብ ከኢምንት አይበልጥም፤ ዋጋው ያለው በቀመሩ ላይ ነው። ደግነቱ ቅመማው ራሱ ውስብስብ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዱቄት በተማሪዎች ቤተ ሙከራ ሊሠራ የሚችል ነው። ከሉሳካ እስከ አዲስ አበባ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከማዕድን ሽያጩ ይልቅ በዚህኛው በር መግባት ይቀላቸዋል።

ዋናው እንቅፋት የውሁዱ ጽናት ነው። በዚህ ዓይነት ውሁድ ውስጥ ያለው መዳብ ከኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ይለወጣል፤ ብርሃኑም ይደበዝዛል። በቤተ ሙከራ የተዋበው ቀለም በሞምባሳ ወይም በጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር ውስጥ ለሳምንታት መቆየት ይኖርበታል።