በገና አይደለም፣ ሃርፕ ነው

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ በስልኬ አንድ የቆየ አልበም ከፍቼ ነበር። ከረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጄ ትንሽ አዳመጠችና «አባዬ፣ ፆም ገባ እንዴ?» አለችኝ። በገና መስሏታል።

«በገና አይደለም፣ ሃርፕ ነው» አልኳት። ብዙም አልተሳሳተችም። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊትን ሃርፕ ሲያስይዘው የእኛው በገና ነው የሚያስይዘው። ልዩነቱ ገብቷት ዝም ያለች መስሎኝ ነበር፤ ጥቂት ቆይታ ግን «ታዲያ ሃርፕ ከድራም ጋር ምን አገናኘው?» አለች። ይህን ጥያቄ ከሰባ ዓመት በፊት የዲትሮይት ሙዚቀኞችም ጠይቀውታል።

አልበሙ «ሂፕ ሃርፕ» ይባላል። የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን ባለቤቷ ዶሮቲ አሽቢ ናት። የጃዝ ወዳጅ ነኝ ከሚሉ ሰዎች መካከል እንኳ ስሟን የማያውቃት ብዙ ነው። የተወለደችው በመኪና ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ዲትሮይት ነው። አባቷ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ስለነበር ቤታቸው ከሙዚቀኛ እንግዳ አይለይም ነበር፤ እሷም ገና በልጅነቷ ፒያኖ እየመታች ታጅባቸው ነበር። የተማረችው ዶናልድ በርድና ሮን ካርተር በወጡበት ካስ ቴክኒካል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፒያኖውን ወደ ጎን ብላ ሃርፕን ዋና መሣሪያዋ አደረገች።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። ትልቁ የኮንሰርት ሃርፕ 47 ክሮች አሉት። ፒያኖ ላይ ጥቁሩና ነጩ ቁልፍ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይጠብቅዎታል፤ ሃርፕ ላይ ግን ጥቁሩን የሚተካው እግር ነው። ከሥሩ ሰባት ፔዳሎች አሉ፤ ለሰባቱ የድምፅ ስሞች አንዳንድ። አንዱ ሲረገጥ በዚያ ስም የሚጠሩት ክሮች በሙሉ በግማሽ ድምፅ ይለወጣሉ። ዜማው በአንድ ቅኝት ረግቶ ለሚቆይበት ሙዚቃ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ጃዝ ግን በየአፍታው ቅኝት ይቀያይራል። የአሽቢ እጆች ከላይ ተረጋግተው ዜማ ሲያወጡ እግሮቿ ከታች ዕረፍት የላቸውም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚቀበላት አጣች። ለጃዝ ሰዎች ሃርፕ የክላሲካል ኦርኬስትራ ጌጥ እንጂ የእነሱ መሣሪያ አልነበረም። እሷም መከራከሩን ትታ ትሪዮ አቋቁማ በነፃ ዝግጅቶች፣ በዳንስ ምሽቶችና በሠርጎች ላይ እየተጫወተች ጆሮ አለማመደች። ሸክሟ ሦስት እጥፍ እንደነበር ኋላ ላይ ተናግራለች፦ ሴት መሆኗ፣ ጥቁር መሆኗና መሣሪያው ራሱ።

ወደ አልበሙ ልመለስ። ፍሉቱን የሚነፋው የካውንት ቤዚ ኦርኬስትራው ፍራንክ ዌስ ነው፤ ባሱ ላይ ኸርማን ራይት፣ ድራሙ ላይ አርት ቴይለር አሉ። የቀረጸው ሩዲ ቫን ጌልደር ቀን ቀን የዓይን መነጽር ሐኪም ነበር፤ ስቱዲዮውም ኒው ጀርሲ ውስጥ የወላጆቹ ሳሎን ነበር። እኔ በሳሎኔ የቴሌቪዥን ድምፅ እንኳ ማስቀነስ ያቃተኝ ሰው ስለሆንኩ በዚያ ቤት ወላጆች ትዕግሥት እቀናለሁ።

የመጀመሪያውን ቁራጭ፣ ራሷ የደረሰችውን «ፖኪ»ን ስሙት። የሰማይ መላእክት የሚያስታውስ መንሿሿት የለበትም። ክሩን ቆንጠጥ አድርጋ ትለቀዋለች፤ አንዳንዴ ጊታር ያጀበ ይመስላል፤ የአባቷ ቤት ትዝ ይለኛል። ፍሉቱ ሲገባም አትሸሽም፣ አታጅብም፤ እኩል ታወጋለች። በዚያው ዓመት ከዌስ ጋር የሠራችው «ኢን ኤ ማይነር ግሩቭ» ከዚህ ትንሽ ጨለም ይላል። ለምሽት እሱን እመርጣለሁ።

አልበሞቹ ዝና አላመጡላትም። ከድራም ተጫዋች ባለቤቷ ከጆን አሽቢ ጋር በዲትሮይት የጥቁሮችን ሕይወት የሚያሳይ የቲያትር ቡድን መሠረቱ፤ እሱ ይጽፋል፣ እሷ ዜማና ግጥም ትሠራለች። በ1968 የወጣው «አፍሮ ሃርፒንግ» ዛሬ በሸክላ ሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። በኋላ ካሊፎርኒያ ገብታ ለሌሎች ድምፃውያን በስቱዲዮ ትጫወት ጀመር። በ1976 ስቲቪ ዎንደር «ሶንግስ ኢን ዘ ኪይ ኦፍ ላይፍ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ «ኢፍ ኢትስ ማጂክ» ላይ ያን ሁሉ ባንድ ትቶ ከእሷ ሃርፕ ጋር ብቻውን ዘፈነ። ይህን ዘፈን የወደደ ሁሉ፣ ስሟን ሳያውቅ፣ አሽቢን ሰምቷታል። በ1986 በካሊፎርኒያ በካንሰር አረፈች።

ይህን ሁሉ ለልጄ ስተርክላት ቶናው አልፎ በረካው ተቀዳ። እሷ ግን ከሁሉም የያዘችው የእግሩን ነገር ነው። «የመጀመሪያውን ድገመው፣ አባዬ» አለችኝ፤ «እግሯ ይሰማ እንደሆነ ልስማ።»